ከዓይን የተሰወረ የጥርስ መቦርቦር

በሶዶ ከተማም ሆነ በወላይታ ገጠር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መንጋጋውን አመመኝ ባለ ጊዜ፥ «የወተት ጥርስ ነውና ይወልቃል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ይህ መልስ ብዙ ልጆችን ለዕድሜ ልክ ጉዳት ይዳርጋል።

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች በስተኋላ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ሁለቱ ከላይ፥ ሁለቱ ከታች። በሚወልቅ ጥርስ ቦታ ስለማይተኩ ወላጅ መብቀላቸውን ልብ አይልም። እነዚህ ግን ቋሚ ጥርሶች ናቸው፤ ከጠፉ ምትክ የላቸውም።

የመንጋጋ ገጽ ጠባብና ጥልቅ ስርጉዶች አሉት። በዚያ የቀረውን ጣፋጭ ነገር ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም በጠንካራው ሽፋን ውስጥ ሠርጎ የውስጡን ልል ክፍል ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ጥርሱ ነቀዝ እንደ በላው በቆሎ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

መምህራን ሆይ፥ በአንድ ወገን ብቻ የሚያኝከውን፥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ፊቱን የሚያኮማትረውን ተማሪ ልብ በሉ። ወላጆችም ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት፤ ከሽፋኑ ሥር ግራጫ ጥላ ቢታይ ልጁን ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት። ጥርሱን በመርፌ መነካካት አይገባም፤ የሳሳውን ሽፋን ይሰብረዋልና። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፤ ሆኖም ብልዘትና መቦርቦር አንድ አይደሉም። ሁለቱን የሚለየው ሐኪም ነው፤ የመቦርቦሩንም ጥልቀት በራጅ ይመረምራል።

ጥርሱ ገና ካልተጎዳ ስርጉዱን መሸፈን ይበቃል፤ ከተቦረቦረም የበሰበሰው ተጠርጎ ይሞላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙናና የጥርስ መሙያን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ፥ ነገሩ የቅንጦት አለመሆኑን ያስረዳል።

መከላከያው ግን በየቤታችን ነው። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የአተር ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ያለባት የጥርስ ሳሙና ጧትና ማታ ጥርሱን ይቦርሽ፤ እጁ እስኪጠና ድረስም አዋቂ ያግዘው። ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥም ይቀነስለት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ዛሬ የሚሞላ ትንሽ ቀዳዳ ነገ ከሚነቀል መንጋጋ ያድናል።