ጎዶሎ ምት በኪቦርድ ላይ

ዛሬ የባንድ ድምፅ ለማሰማት የግድ አሥር ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም። ሴኩዌንሰር ያለው ኪቦርድ የከበሮውንና የቤዙን ድርሻ አንድ ጊዜ ከተቀበለ በኋላ ሳይደክመው እየመላለሰ ይጫወተዋል። ነገር ግን ይህ ምቾት አንድ ጉዳት አስከትሏል። ይኸውም መሣሪያው ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ በ4 ምት ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን፣ የምንሠራው ዜማ ሁሉ ሳናስበው ባለ 4 ምት እየሆነ መቅረቱ ነው። በ6/8 የሚሄደው ችክችካችን እንኳ በዚህ ላይ በግድ ሲጫን ለዛውን ያጣል። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራር መርምሮ ማዘዝ ተገቢ ነው።

ሴኩዌንሰር የሚያውቀው መቁጠር ብቻ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮላንድ ቲአር 808 የከበሮ መሣሪያ ፊቱ ላይ 16 ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረውበታል። እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ እርምጃ እንበለው። አንድ እርምጃ የምት ሩብ ሲሆን 16ቱ እርምጃ 4 ምት ይሞላል፤ ከዚያም መሣሪያው ወደ 1ኛው ይመለሳል። እንግዲህ ዋናው ነገር የሚመለስበትን ቦታ መለወጥ ነው። ከ14ኛው እርምጃ በኋላ እንዲመለስ ቢታዘዝ 7/8፣ ከ12ኛው በኋላ ቢመለስ ደግሞ 6/8 ወይም 3/4 ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠያቂ ተማሪ፣ «6/8 እና 3/4 በርዝመት እኩል ከሆኑ በምን ይለያሉ?» ይል ይሆናል። የሚለያቸው የአከፋፈሉ ነገር ነው። ከበሮው በ1ኛውና በ7ኛው እርምጃ ላይ ጠንከር ካለ 6/8 ነው፤ በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው ላይ ከጠነከረ ግን ዋልዝ ይሆናል። መሣሪያው ለሁለቱም 12 ብሎ ይቆጥራል፤ ስልቱን የሚሰጠው ሰው ነው።

በ7/8ም እንዲሁ ነው። 2፣ 2 እና 3 ተብሎ ሲከፈል ጠንካራው ምት በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው እርምጃ ላይ ያርፋል፤ የመጨረሻው ክፍል ስለሚረዝም ጆሮ የዙሩን መዝጊያ በዚያ ያውቀዋል። ቡልጋሪያውያን ሩቸኒጻ የተባለውን ጭፈራቸውን የሚጨፍሩት በዚህ አከፋፈል ነው። ጎዶሎ ቁጥር ማለት አንዳች የጎደለው ማለት አይደለም።

5/4 ግን 20 እርምጃ ስለሚጠይቅ ከ16 ያልፋል። መፍትሔው እርምጃውን የምት ግማሽ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ 10 ይበቃል። ፖል ዴዝመንድ የደረሰው፣ የዴቭ ብሩቤክ ኳርቴት በ1959 እ.ኤ.አ. የቀረጸው «ቴክ ፋይቭ» 3 እና 2 ተብሎ ይከፈላል፤ ጠንካራው ምት በ1ኛውና በ7ኛው እርምጃ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዙሮች አብሮ ማስኬድ ነው። ከበሮው በ16፣ ዜማው በ14 እርምጃ ቢመላለስ፣ በየዙሩ በ2 እርምጃ እየተራራቁ ሄደው እንደገና አብረው የሚነሡት በሁለቱ ቁጥሮች ትንሹ የጋራ ብዜት፣ ማለት ከ112 እርምጃ በኋላ ነው። ከበሮው 7 ጊዜ፣ ዜማው 8 ጊዜ ዞሯል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ ይህ ልክ 14 ሰኮንድ ይፈጃል። ሁለት አጫጭር ቁራጮች ረጅም ድርሰት መሰሉ ማለት ነው።

ለመሞከር የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት ግን ቁልፍ ከመንካቱ በፊት አከፋፈሉን በአፉ እየቆጠረ በእጁ ያጨብጭብ። የባሩንም ዓይነት ከቀረጻ በፊት ይምረጥ፤ አንዳንዱ ኪቦርድ ከተቀረጸ በኋላ አያስለውጥምና። ጭብጨባው ሳይሰናከል ሦስት አራት ጊዜ ከዞረ፣ ከዚያ ወዲያ የመቁጠሩን ድካም ለመሣሪያው ይተውለት።