ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ፎቅ ኑሮ በሆሣዕናና በከምባታ ከተሞች

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማደሪያ ነው። ማደሪያውም የራሱ ቢኾን መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ከአገር ወደ አገር የሚያዛውረው ሰው በየደረሰበት ቤት መሥራት አይችልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በሮሜ ሳለ ሁለት ዓመት የተቀመጠው በኪራይ ቤት እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት ተመልክቷል። እንግዲህ በኪራይ መኖር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳስበውስ ኪራዩ በምን ሥርዓት ይካኼዳል የሚለው ነው።

ይህ ጕዳይ በዛሬው ጊዜ በሆሣዕናና በአካባቢዋ ላሉ ከተሞች ታላቅ ጕዳይ ኾኗል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው የሐዲያ ርእሰ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ የምትገኝ ስትኾን፣ በስሟ የተጠራው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ መምህራንና ተማሪዎች ከየአገሩ መጥተውባታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ርእሰ ከተማ ስለ ኾነች፣ ሹማምንቱና ጸሓፊዎቹ፣ ዳኞቹና ሒሳብ ያዦቹ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ገቡ። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም፣ አንጋጫም፣ ዶዮገናም በየዐቅማቸው እየሰፉ ኼደዋል። ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ቤት ግን በአንድ ጊዜ አይሠራምና ኪራይ መወደዱ የማይቀር ኾነ።

በሐዲያና በከምባታ የአባቶች ቤት ሰፊ ነው። በፊቱ ሣር የለበሰ ደጅ፣ በጓሮው እንሰት አለው፤ ቆጮው በጕድጓድ ይቦካል፣ ከብቱም ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ከተማ ሲቈረቈር ግን ጓሮው እየተሸነሸነ፣ ባለ ቤቱ ከዋናው ቤት በስተ ኋላ አንድ አንድ ክፍል እየቀጠለ ማከራየት ጀመረ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ብዙ ተከራይ በአንድነት የሚያድርባቸው ፎቅ ቤቶች እየተሠሩ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተሠሩት ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሰደው የሚሠሩ ልጆች በሚልኩት ገንዘብ ነው።

የፎቅ ኪራይ ቤት ጥቅሙ ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው ያኖራል፤ ከተማው ወደ ገበሬው የእንሰት ማሳ እየገፋ እንዳይኼድ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ተከራይ በሩን ዘግቶ በራሱ ሥርዓት ይኖራል። በባለ ቤት ግቢ ውስጥ የሚኖር ተከራይ በሌላ ሰው ሰዓት የሚያድር ነው፤ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ እንግዳ መምጣቱንና አለመምጣቱን፣ ውሃ ምን ያኽል እንደሚቀዳ ባለ ቤቱ ይቈጣጠረዋል። ሦስተኛ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱና የቈሻሻው ማስወገጃ ወጪ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ይቀላል። አራተኛም፣ ሥራው ወደ ሌላ አገር ሲያዛውረው ሠራተኛው ቤት ለመሸጥ ሳይጨነቅ ዕቃውን ጭኖ ይኼዳል።

ጕዳቱም እንዲሁ ቀላል አይደለም። ጓሮ የሌለው ሰው እንሰት አይተክልም፤ ከዘመድ የመጣለትን ቆጮ ማኖሪያ ስፍራ ያጣል። ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ለምድር ቤት ነዋሪ ችግሩ አንድ ሲኾን፣ በሦስተኛው ፎቅ ላለችው እናት ግን ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ይጨመርበታል። ሽማግሌና በሽተኛ ከቤት መውጣት ያቅታቸዋል። ሕፃናት የሚሯሯጡበት ደጅ የላቸውም። ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን የሚተከልበት ስፍራ ይታጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት በመንደር እውነት ነው፤ በፎቅ ቤት ግን ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ሰዎች ስማቸውን እንኳ ሳይተዋወቁ ዓመት ይፈጽማሉ። ከኹሉ የሚከፋው ግን ያለ ውል መኖር ነው። ዛሬ ኪራይ ጨምር፣ ነገ ቤቱን ልቀቅ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ልቡ በሥራው ላይ አይረጋም፤ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይንከራተታል።

ስለ ባለ ቤቱም ማሰብ የተገባ ነው። ልጁ በበረሓ ተጕዞ፣ በሰው አገር ሱቅ አጥር ውስጥ እየሰጋ ያጠራቀመውን ገንዘብ በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ ያዋለ ሰው ኪራይ መጠበቁ ፍርድ ነው። የዚያ መንገድ ክፋት ምን ያኽል እንደ ኾነ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ አገር፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው በተገኙ ጊዜ ኹሉም ዐይቶታል። ስለዚህ የቤት ባለ ቤት ኹሉ ቀማኛ፣ ተከራይ ኹሉ ተበዳይ ነው ማለት አይገባም። ኪራይ ሳይከፍል የሚሰነብት፣ ቤትም አበላሽቶ የሚወጣ ተከራይ አለና።

ያለፈው ዘመንም ትምህርት ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን በውል ሥርዓት መርቶት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ኾነ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለድኻው ዕፎይታ ኾኖ ሳለ፣ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ስለ ተከለከለ፣ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ በቀበሌ እጅ የገቡትም ብዙዎቹ ጠጋኝ አጥተው አረጁ። እንግዲህ ተከራይን ብቻ የተመለከተ ሕግ ቤትን ያሳጣል፤ ባለ ቤትን ብቻ የተመለከተ ሥርዓት ደግሞ ሰውን ያሳድዳል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ሁለቱን ለማስታረቅ የታሰበ ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በተቈጣጣሪው አካል በተነገረው ልክ እንዲኾን ያዝዛል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻውን አይሠራም። መዝጋቢ ሹም፣ መዝገብ፣ የሚሰማም ዳኛ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የከተሞቹ አስተዳዳሪዎች ሦስት ነገር ቢያስቡ ይገባል። ውል የሚመዘገብበትን ስፍራ ለሕዝብ ቅርብ ያድርጉ። ለአዲስ ፎቅ ቤት ፈቃድ ሲሰጡ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ የእሳት መውጫውን፣ የሕፃናት ሜዳውንና ለልቅሶም ለሰርግም የሚበቃ ደጅ መኖሩን ይመርምሩ። ደግሞም ደመወዙ ትንሽ የኾነ ሠራተኛ የሚከራየው ቤት እንዲሠራ፣ በውጭ አገር ያሉት ልጆች ገንዘባቸውን በኅብረት የሚያውሉበትን መንገድ ይጥረጉ። የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎችም ባለ ቤትና ተከራይ ሲጣሉ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቢያስታርቁ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ነዋሪዎችም እንደ አባቶቻቸው በዕድር እንዲተሳሰሩ ቢመክሩ፣ ድካማቸው ከንቱ አይኾንም።

ከተማን ከተማ የሚያሰኘው የፎቁ ቍመት አይደለም፤ በውስጡ የሚያድረው ሰው ነገም በዚያው እንደሚያድር ተማምኖ መተኛቱ ነው እንጂ።