ዓይንን የሚያታልል መሻገሪያ

ልጇን ለብቻው ወደ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ከደብተሩና ከምሳ ዕቃው ይልቅ የሚያሳስባት የመኪናው መንገድ ነው። አስፋልቱ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ለእግረኛው ቅድሚያ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን ረግጦ ከመጣ ከቀለምነት አያልፍም። በህንድ አገር የአህመዳባድ ከተማ ሠዓሊዎች የሆኑት ሻኩንታላ ፓንድያና ሴት ልጃቸው ሶምያ ፓንድያ ታከር ይህንኑ ቀለም ሾፌሩን በሚያስደነግጥ አኳኋን ለመሥራት ተነሡ። እናትና ልጅ የሠሩት መሻገሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በብዙ አገር ጋዜጦች ላይ ታይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ነጭ መስመር ሥር ጎንና ጥላ መስሎ የሚታይ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባል። ሾፌሩ ከሩቅ ሲመለከተው መስመሮቹ ከመሬት ተነሥተው በአየር ላይ የተንሳፈፉ ግንዶች ይመስሉታል፤ እግሩም ሳያስበው ፍሬን ይፈልጋል። ከአጠገቡ ቆሞ ቁልቁል ለሚያየው ግን ዝርግ ቀለም ነው።

ብልሃቱ ከኢጣልያ አደባባዮች የመጣ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ በመንገድ ላይ በጠመኔ የሚሥሉ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነበሩ። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ሠዓሊ የነበረው ከርት ዌነር እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራውን ትቶ ወደ ሮም ሄደና፣ መሬቱ የተቦረቦረ ወይም ወደ ላይ የወጣ የሚመስል ሥዕል በመሥራት ታወቀ። በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል መንገደኛው ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከ«ገደሉ» አፋፍ ላይ የፈራ መስሎ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የሥዕሉም ክፍል ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ዌስት ቫንኩቨር በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ኳስ ተከትላ የምትሮጥ ሕፃን ሥዕል ለአጭር ጊዜ አስፋልት ላይ ተለጥፎ ነበር። ሾፌሩ ሲቃረብ ልጅቱ ከመንገዱ ብድግ ያለች ትመስለዋለች። ይህስ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ዛሬ በሕፃን ምስል ላይ ነድቶ ምንም እንዳልሆነ ያየ ሾፌር፣ ነገ እውነተኛዋን ልጅ ሲያይ ሥዕል ናት ብሎ ቢያልፍስ?

የመስመሮቹ ይሻላል። በአይስላንድ የምትገኘው ትንሿ የኢሳፍዮርዱር ከተማ የህንዱን አይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት መንገድ ላይ አሠርታለች። ቢሆንም በዚያው መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ዓይኑ መልመዱ፣ ቀለሙም በጎማ መፋቁ አይቀርም፤ ሌሊት መብራት ከሌለ ደግሞ ጥላው አይለይም።

ሌላም አለ። ልጆች በአየር ላይ የሚራመዱ መስለው ስለሚታዩ ከመሻገሪያው መካከል ቆመው መዝለልና ፎቶግራፍ መነሣት ያምራቸዋል። መኪና በማይገባበት አደባባይ ከሆነ እንዳሻቸው ይተኙበት። በመሻገሪያ ላይ ግን ግራና ቀኝ አይተው፣ መኪናው መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ሳይዘገዩ እንዲያልፉ እናቶች አስቀድመው ይንገሯቸው።