የማይታየውን አየር የሚጠብቅ መሣሪያ

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ ነፋስን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን ሲሰነብት ያለ ነፋስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻለውምና፣ ለምንበላው የምናደርገውን ጥንቃቄ ለምንተነፍሰውም ልናደርግ ይገባል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፣ በሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው በሐዋሳ፣ ቀን በመስኮት የሚገባው ነፋስ ቤቱን ሲያናፍሰው ይውልና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የወባ ትንኝ ስለምትነሣ መስኮቱ ይዘጋል። በቀርከሃ የሚጎነጎነው የሲዳማ ጎጆ በሽመናው ክፍተት ይተነፍስ ነበር፤ በብሎኬት ተሠርቶ በመስተዋት የሚዘጋው ያሁኑ ቤት ግን የቤተ ሰቡን እስትንፋስና የወጡን እንፋሎት አምቆ ያድራል።

የቤቱን አየር እየለካ የሚያናፍሰው መሣሪያ ይህን መታፈን እንዲያቃልል የተሠራ ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትንሽ ሴንሰር እርጥበቱንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየለካ፣ በዋይፋይ ወይም ዚግቢ በሚባለው ሽቦ አልባ ሥርዓት ለማዘዣው ይልካል፤ ልኩ ሲያልፍ ማዘዣው ቬንቲሌተሩን ያስነሣል፤ የታፈነው አየር ወደ ውጭ ሲሳብ ንጹሑ በወንፊት በተከደነው ቀዳዳ ይተካል፤ ትንኝም አትገባም። ልኩን ያወጣው የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ሲሆን፣ በ1858 እ.ኤ.አ. ከሚሊዮን እጅ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1,000 እጅ እንዳይበልጥ መከረ፤ ዛሬ በውጭ ያለው ከ420 እጅ ጥቂት ይበልጣል።

የሐዋሳ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውል። ሴንሰሩ የሚለካው ጋዙ የዋጠውን ረቂቅ ጨረር በመመልከት ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ ስለሚያንስ፣ ከፍታው በቅድሚያ ካልተሞላለት እውነተኛውን 1,000 እጅ 820 ገደማ አድርጎ ያሳያል፤ ቤቱ ታፍኖ ሳለም ቬንቲሌተሩ ዝም ይላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የከሰሉ ነገር ነው። ከቡና በኋላ ፍሙ ሳይጠፋ ቤት ውስጥ የሚያድር ምድጃ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውንም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ሴንሰር ይህን መርዝ ፈጽሞ አያውቀውም፤ ለእርሱ የተለየ ሴንሰርና የሚጮኽ ደወል ያስፈልጋል፤ ይህ ተገዝቶም ቢሆን ምድጃው በረንዳ ላይ ይደር እላለሁ።

መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩም ኢንተርኔት የሚያደርሰው ራውተርም ይቆማሉ፤ መብራት ኖሮም ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙ በባሕር ማዶ ኮምፒውተር ሳይሆን በቤቱ ማዘዣ ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ ይበጃል፤ መብራት በሌለበትም ጊዜ አየሩ እንዲተካ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ለዕቃው ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ከጣራው ሥር በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ በጥሩ ወንፊት የተከደኑ ሁለት ቀዳዳዎች ያስበጅ።