የአይሁድ ቡድኖች በባዕድ አገዛዝ ሥር፦ ከጥንቷ ኢየሩሳሌም እስከ ኡጋንዳ

በሳልባጅ ልብስ ንግዱ የታወቀው የካምፓላው ኦዊኖ ገበያ መደበኛ ስሙ “ቅዱስ ባሊኩዴምቤ” ነው። ዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ በ1885 (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቡጋንዳው ንጉሥ ሙዋንጋ ትእዛዝ የተገደለ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበር። ካቶሊክ ሆኖ ሳለ ለሞት ያበቃው ንጉሡን ስለ አንድ አንግሊካን ጳጳስ መገደል መገሠጹ ነው።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ተከታዮች “የእንግሊዝ ወገን” እና “የፈረንሳይ ወገን” ተባብለው ከገበያው ብዙም በማይርቀው በሜንጎ ኮረብታ ተዋጉ። የእንግሊዝ ኩባንያ ጦር የደገፋቸው ፕሮቴስታንቶች ድል አደረጉ። ከፕሮቴስታንቶቹ የጦር አለቆች አንዱ ሰሜይ ካኩንጉሉ ነበር። ይህ ሰው በኋላ የአይሁድን እምነት ተቀብሎ ዛሬም ድረስ ያለ ማኅበረሰብ መሥርቷል።

ባዕድ ኃይል ሲገዛ አማኞች በሃይማኖት ስም መለያየታቸው በቡጋንዳ አልተጀመረም። የጥንት አይሁድም ይህንኑ አይተዋል።

አንድ ገዥ፣ አራት ምላሽ

የሮማው ጦር መሪ ፖምፔ ኢየሩሳሌምን የያዘው በ63 ዓመተ ዓለም ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ በዘመኑ የነበሩትን ዋና ዋና ቡድኖች መዝግቧል።

ሰዱቃውያን ከካህናትና ከባለጸጎች ወገን ነበሩ። የተጻፈውን ሕግ ብቻ ይቀበላሉ፤ በትንሣኤ ሙታን አያምኑም። ሥልጣናቸው ከቤተ መቅደሱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ከሮም ጋር መስማማትን መርጠዋል።

ፈሪሳውያን ከተጻፈው ሕግ ጎን ለጎን ከአባቶች በቃል የተላለፈውን ሥርዓት ያከብራሉ፤ ትንሣኤን ያምናሉ። የቅድስናን ሕግ ከቤተ መቅደስ አውጥተው ወደ ቤትና ወደ ማዕድ በማምጣታቸው በሕዝቡ ዘንድ ተሰሚነት አገኙ።

ኤሴናውያን በጋራ ንብረትና በጥብቅ ሥርዓት ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙትን ጥቅሎች ብዙ ተመራማሪዎች ከእነርሱ ጋር ያያይዟቸዋል።

አራተኛው ወገን ከእግዚአብሔር በቀር ንጉሥ የለም ብሎ ተነሣ። ሮም በ6 ዓመተ ምሕረት ሕዝቡን ለግብር ስትቆጥር የገሊላው ይሁዳ ያስነሣው ዓመፅ የዚህ ወገን መነሻ ነው።

በ70 ዓመተ ምሕረት ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ የሰዱቃውያን መሠረት አብሮ ፈረሰ። የፈሪሳውያን ትምህርት ግን መጽሐፍ፣ መምህርና ማዕድ ባሉበት ሁሉ ሊኖር ይችል ነበር፤ ኋላ በታልሙድ የተሰበሰበው የረቢዎች ሥርዓት ከዚህ ወጣ።

የካኩንጉሉ መንገድ

ካኩንጉሉ የዛሬውን ምሥራቅ ኡጋንዳ ሰፊ ክፍል ለእንግሊዝ አስገብሯል፤ በዚያ እነግሣለሁ ብሎም ተስፋ ያደርግ ነበር። እንግሊዞች ግን ሥልጣኑን ቀነሱበት። ቅር ተሰኝቶ በ1913 ገደማ ሕክምናን የሚቃወመውንና ቅዳሜን የሚያከብረውን የማላኪ ቤተ ክርስቲያን ተቀላቀለ። በ1919 ደግሞ ራሱንና ልጆቹን ገርዞ ከምባሌ ከተማ አጠገብ “አባዩዳያ” የተባለውን ማኅበረሰብ መሠረተ። ትርጉሙ በሉጋንዳ “የይሁዳ ሰዎች” ማለት ነው።

በ1928 ካኩንጉሉ ሲሞት ከተከታዮቹ ከፊሉ ወደ ክርስትና ተመለሰ። ከ1971 እስከ 1979 የገዛው ኢዲ አሚን የአይሁድን አምልኮ ሲከለክል ብዙዎች እምነታቸውን ለወጡ፤ ጥቂቶች በድብቅ ጸለዩ። አገዛዙን የተሻገረው እምነት የእነዚህ ጥቂቶች ነበር።

ያልተዘጋው ጥያቄ

በሰዱቃውያንና በፈሪሳውያን መካከል የነበረው የሕግ ክርክር መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል። ኦሪትን በግእዝ ጠብቀው፣ ታልሙድ ሳይደርሳቸው የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ይህ ገጥሟቸዋል። ዋናው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ቢያረጋግጡም፣ እስራኤል ከገቡ በኋላ የረቢዎች ተቋም የመንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ስለጠየቀ በ1985 በኢየሩሳሌም ተቃውሞ አሰምተዋል።

የአባዩዳያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እምነቱን ራሳቸው የተቀበሉ እንጂ የጥንት ዘር አለን የሚሉ አይደሉም። አብዛኞቹ በ2002 በኮንሰርቫቲቭ ረቢዎች ፊት የመግቢያ ሥርዓት ፈጽመዋል፤ መሪያቸው ገርሾም ሲዞሙም በ2008 በዚሁ ዘርፍ ረቢ ሆነዋል። በፑቲ መንደር ያሉት ግን የኦርቶዶክስ አይሁድን ሥርዓት መርጠዋል። የአይሁድ ኤጀንሲ በ2016 ለማኅበረሰቡ እውቅና ሲሰጥ፣ የእስራኤል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ እስራኤል ለመግባት ያቀረቡትን ጥያቄ ውድቅ አድርጓል። ስለዚህ ለአንድ የምባሌ ወጣት የትኛው ረቢ ፊት እንደቆመ የእምነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የት አገር ሊኖር እንደሚችልም ይወስናል።