ዋን እና እልፍ፦ ታላላቅ ቁጥሮችን በቻይንኛ ማንበብ

ለዶክትሬት ትምህርት ቻይና በነበርሁበት ጊዜ የአንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ዋጋ በስልክ ጠየቅሁ። መልሱ «ሺ አር ዋን ዩዋን» የሚል ነበር። በግዢ መጠየቂያው ላይ 12,000 ብዬ ሞላሁ። ትክክለኛው ዋጋ ግን 120,000 ስለ ነበር ወረቀቱ ተመለሰልኝ፤ ሥራዬም ለሳምንታት ተጓተተ። ስሕተቱ የአንድ ዜሮ ብቻ ነበር። ለመሆኑ ይህ ዜሮ ከየት መጣ?

እኛ ታላላቅ ቁጥሮችን የምንከፋፍለው ሦስት ሦስት አኃዝ እየያዝን ነው። ሺህ፣ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን እያንዳንዳቸው የቀዳሚያቸው 1,000 እጥፍ ናቸው። ቻይንኛ ግን በአራት አራት አኃዝ ይከፍላል። «ሺ» 10፣ «ባይ» 100፣ «ቺየን» 1,000፣ «ዋን» ደግሞ 10,000 ነው። «ሺ» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ወጥመድ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዋን ቀጥሎ አዲስ ስም የሚገኘው ዋን በዋን ሲባዛ ነው፤ ይኸውም «ዪ»፣ ማለትም 100,000,000 ነው። ሚሊዮን የራሱ ስም ስለሌለው «ባይ ዋን»፣ መቶ ዋን ይባላል።

ዘዴው ቀላል ነው። የተለመዱትን ነጠላ ሰረዞች አጥፍታችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አራት አራት አኃዝ ቍጠሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ የዋናዪቱ ቻይና ሕዝብ 1,411,778,724 ነበር። ይህን 14,1177,8724 ብለን ብንጽፈው ንባቡ ወዲያው ይገለጣል፦ 14 ዪ፣ 1177 ዋን፣ 8724። የብርሃን ፍጥነትም በሴኮንድ 30 ዋን ኪሎ ሜትር ወይም 3 ዪ ሜትር ያህል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «ጃኦ» የሚለው ቃል በታይዋን የዪን ዋን እጥፍ፣ ማለትም ትሪሊዮንን ሲያመለክት፣ በዋናዪቱ ቻይና እንደ ሜጋዋትና ሜጋኸርዝ ባሉ መለኪያዎች ውስጥ ሚሊዮንን ያመለክታል። በሁለቱ መካከል የሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ።

የሚገርመው፣ ይህ አቆጣጠር ለእኛ ባዕድ አይደለም። የግእዝ አኃዝ ለ10,000 የራሱ ምልክት አለው፤ ፼፣ ስሙም እልፍ። 120,000 በግእዝ ፲፪፼፣ ዐሥራ ሁለት እልፍ ነው፤ 100,000,000 ደግሞ ፼፼ ተብሎ ይጻፋል። በስልክ የሰማሁትን ዋጋ በሺህ ሳይሆን በእልፍ አስቤው ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትሁ ነበር።

እስቲ እናንተም ሞክሩ፦ 50,000,000 ስንት ዋን ይሆናል?