ሶናር ቢመጣ ገናሌ የወሰደውን ያገኛል?

ከነገሌ ቦረና ወደ ባሌ የሚወስደው መንገድ ገናሌን ይሻገራል። በሌላው አቅጣጫ ዳዋ አለ። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን የሚያጠጣው፣ ሴቶች በጀሪካን የሚቀዱት ከእነዚህ ውሃዎች ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ እየመታው ወንዙ በድንገት ይሞላል። ሰው የሚወሰደው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ነገሌ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ስለ ገደል ማሚቶ እያስረዳሁ ሳለ፣ ከወንዝ ዳር ቀበሌ የመጣች ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሶናር የሚባለው መሣሪያ እኛ ጋ ቢመጣ ገናሌ የወሰደውን ሰው ያገኝልናል?» አለችኝ። ወንዝ ዳር አድሮ የዘመዱን ሬሳ የጠበቀ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሶናር በገደል ማሚቶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ድምፅ ይልካል፣ ነጥሮ የተመለሰውን ያዳምጣል፣ ጊዜውን ይለካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በውሃ ውስጥ ግን ወደ 1,500 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ከወሰደበት የነጠረበት ነገር ያለው 75 ሜትር ርቆ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዓይንም ካሜራም በማያዩበት የደፈረሰ ውሃ ውስጥ መሥራቱ ነው። ለፍለጋ በብዛት የሚውለው ዓይነት ከጀልባ ኋላ እየተጎተተ ወደ ግራና ቀኝ ድምፅ ይረጫል። በጨለማ የእጅ ባትሪ መሬት ላይ አጋድመን ስናበራ የትንሹ ድንጋይ ጥላ ረዝሞ እንደሚታየን፣ ይህም መሣሪያ ወለሉ ላይ የተኛውን ነገር ከነጥላው ይሥላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ አጥርቶ የሚነጥረው ከብረት፣ ከድንጋይና ከአየር ነው። የሰው ገላ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የሚመልሰው ድምፅ ደካማ ነው፤ ሳንባው አየር ሲይዝ ትንሽ ይጎላል፣ ውሃ ሲሞላው ይደበዝዛል። ሌላው ችግር የድምፁ ምርጫ ነው። ቀጭን ድምፅ፣ ለምሳሌ 900 ኪሎ ኸርዝ፣ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል፤ ከጥቂት አሥር ሜትሮች አልፎ ግን አይሄድም። ወፍራሙ፣ ለምሳሌ 100 ኪሎ ኸርዝ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ይደርሳል፤ ሰውን ከግንድ ለመለየት ግን አይበቃም።

ገናሌ በሞላ ጊዜ ደግሞ ሌሎች ችግሮችም በአንድ ላይ ይመጣሉ። የሚናጠው ውሃ በአየር አረፋ ይሞላል፤ አረፋው ድምፁን ይበትነዋል። ጥልቀት በሌለው ቦታ ድምፁ ከወለልና ከውሃው ገጽ እየተላጋ ሐሰተኛ ምስል ይፈጥራል። ወለሉ በቋጥኝና ጎርፍ ባመጣው ግንድ የተሞላ ነው፤ ከቋጥኝ ጀርባ ያለው ደግሞ ጥላ ውስጥ ስለሚወድቅ አይታይም። መሣሪያውን የምትጎትት ጀልባ በዝግታና በቀጥታ መስመር መሄድ አለባት፤ ሙላት ይህን አይፈቅድላትም። የሚፈለገው ሰውም አንድ ቦታ አይቆይም። በመጨረሻም ሥዕሉን የሚያነብ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። መሣሪያው «ይህ ሰው ነው» ብሎ አይናገርም፤ የሚጠረጠረውን ቦታ ካሳየ በኋላ ጠላቂ ወርዶ ማረጋገጥ አለበት። ገናሌ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

ሀብትና ቴክኖሎጂ ባለበት እንኳ ፍለጋው ቀላል አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት 90 ሰዎች አንድም አልተረፈም። በፍለጋው የአሜሪካ የጦር መርከብ ራሜጅን ጨምሮ የበርካታ አገሮች መርከቦች ተሳተፉ። የአውሮፕላኑ የበረራ መረጃ መቅጃ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ድምፅ የሚያሰማ ነው፤ ያለበትን ቦታ እየጮኸ ይናገራል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ከ45 ሜትር ጥልቀት የወጣው ጥር 30 ቀን ነበር። የድምፅ መቅጃው የካቲት 9 ቀን ሲወጣ ዋናው የማስታወሻ ክፍሉ አብሮት አልነበረም፤ እሱን ለማግኘት ጠላቂዎች እንደገና መፈለግ ነበረባቸው።

ከዚያ በፊት ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 ስብርባሪ የተገኘው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከተፈለገ በኋላ፣ ወደ 3,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ያለው ግን መጨረሻ ከታወቀው ቦታ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን ደግሞ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የባሕር ወለል በሶናር ታስሶለት አልተገኘም። ሦስቱም አንድ ነገር ያስተምራሉ፦ የት እንደሚፈለግ በትክክል ካልታወቀ ሶናር ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ይህን የምለው መሣሪያው አያስፈልገንም ለማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 110 ሜትር ከፍታ አለው። ከጀርባው ያጠራቀመው ውሃ ከወንዙ ይልቅ ጥልቅና የተረጋጋ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ሶናርና የሠለጠነ ቡድን ቢኖር ጠላቂዎችን ከከንቱ ልፋትና ከአደጋ ያድናል፤ ቤተሰብም ወገኑን በወጉ እንዲቀብር ይረዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ሶናር በአብዛኛው የሚያገኘው የሞተን ሰው ነው። አእምሮ ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲሆን መሣሪያው ከአዲስ አበባ ነገሌ ለመድረስ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በውሃ የተከበቡትን ያተረፋቸው ቶሎ የደረሰላቸው ጀልባና ሄሊኮፕተር ነው።

ስለዚህ ወንዝ ዳር ለምንኖር ሁሉ ይህን አደራ እላለሁ። ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ገመድ ወይም ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድን ሰው ውሃ ላይ ይይዛል። የወጣውን ሰው ሆዱን አትጫኑ፣ ቁልቁልም አትድፉት፤ ካልተነፈሰ ወዲያው በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱንም እየተጫናችሁ እርዱት። መጨረሻ የታየበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ሰዓቱንም ያዙ፤ ሶናር ቢመጣ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም የምለው አለኝ። ውድ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት በየመሻገሪያው ገመድ፣ የዋና ጃኬት፣ ጀልባና የሠለጠኑ ወጣቶች ይኑሩ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ለቆላው በስልክ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ይዘርጋ። ሶናር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።